«አየሁ» ያለን ሰው እንጠይቀው

(ደሴ ውስጥ በአንድ የቅዳሜ ከሰዓት የውይይት መድረክ ላይ የተደረገ ንግግር። ከድምፅ የተገለበጠ ነው።)

እንደምን ዋላችሁ? ሰላም ለእናንተ ይሁን። አሰላሙ አለይኩም።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ ወንበር አጥታችሁ ከኋላ የቆማችሁ ተማሪዎች፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ። በዚህ ብርድ ከቤት መውጣት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሐረጎን ወጥታችሁ ከኮምቦልቻ የመጣችሁም አላችሁ። አክባሪያችሁ ነኝ።

የተሰጠኝ ርዕስ «ጅኒ፣ መንፈስ፣ የሙት ጥላ፦ እንመን ወይስ እንጠራጠር?» ይላል። ይህን ወሎ ላይ ማንሳት ኃላፊነት አለበት። አገራችን የአውልያ አገር ነው፤ የደብር አገር ነው። ዱበርቲ እናቶች በዱዓ ለአገር የሚለምኑበት፣ ቡና ያለ ምርቃት የማይጠጣበት አገር ነው። የማንንም እምነት ልነካ አልመጣሁም። ቁርኣን ስለ ጅን ይናገራል። መጽሐፍ ቅዱስ ስለ አጋንንት ይናገራል። ያንን ለዑለማዎቹና ለሊቃውንቱ ትቼዋለሁ።

የእኔ ጉዳይ ሌላ ነው። ጅኒ አለ ማለት አንድ ነገር ነው። የጎረቤቴን በር ማታ ማታ የሚያንኳኳው ጅኒ ነው ማለት ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው እምነት ነው። ሁለተኛው ወሬ ነው፤ ስለ አንድ ቤት፣ ስለ አንድ ሌሊት የተነገረ ወሬ። ወሬ ደግሞ ይጣራል። ወሬ ሲመጣላችሁ አጣሩ የሚለው ትእዛዝ ሱረቱል ሑጁራት ውስጥ አለ። መንፈስን ሁሉ አትመኑ፣ መርምሩ የሚለው የዮሐንስ መልእክት ውስጥ አለ። እና ማጣራት ከሃይማኖት የሚያስወጣ ነገር ነው ያለን ማነው? እኮ ማነው?

ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ደሴና ኮምቦልቻ ክፍል ውስጥ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን መንፈስ ለመኖሩ የሚያሳምን ማስረጃ አልቀረበልኝም። ይህን በግልጽ እናገራለሁ። ነገር ግን «አየሁ» ብሎ የመጣን ሰው ውሸታም ሲሉት ስሰማ ያመኛል። አብዛኛው ሰው አይዋሽም። አይቷል። ሰምቷል። ፈርቷል። ጥያቄው ያየው ምንድን ነው የሚለው ነው።

ሦስት ነገር ላነሳ አስቤያለሁ። አንደኛ እንቅልፍ። ሁለተኛ አየር፤ ጉሙንም ከሰሉንም ጨምሮ። ሦስተኛ ሳናጣራ ስንቀር ዕዳው የሚወድቀው በማን ላይ እንደሆነ። መሀል ላይ ወደ ጨዋታ ብወጣ ታገሡኝ።

ከእንቅልፍ ልጀምር። እስቲ እጃችሁን አውጡ። ሌሊት ነቅታችሁ፣ ዓይናችሁ ተገልጦ፣ ክፍሉ እየታያችሁ፣ ግን እጅ እግራችሁን ማንቀሳቀስ ያቃታችሁ፣ ደረታችሁ ላይ ሰው የተቀመጠ ያህል የከበዳችሁ ማን ማን አላችሁ? አይዟችሁ፣ አያሳፍርም። አያችሁ? ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ይህን ያህል ሰው ነው። አውርዱ፣ አመሰግናለሁ።

ዱካክ ነው። ዱካክ ያዘኝ እንላለን። አንዳንዱ ጅኒ ተጫነኝ ይላል። ጫት የሚቅም ሰው ድንገት ያቆመ ሰሞን ዱካክ እንደሚያስቸግረው ደሴ ውስጥ ያልሰማ የለም።

ምን ሆኖ ነው? እንቅልፍ ደረጃ ደረጃ አለው። ሕልም አጥብቀን በምናይበት ደረጃ ላይ አእምሯችን የሰውነትን ጡንቻ ያስራል። ዓይንና መተንፈሻ ብቻ ይቀራሉ። ባያስር ኖሮ በሕልማችን ስንሮጥ ከአልጋ ወድቀን እንሰበር ነበር። አንዳንዴ ግን እኛ ስንነቃ እስሩ ገና አይፈታም። ዓይን ተገልጧል። ክፍሉ ይታያል። ሕልሙ ግን አላለቀም። ስለዚህ ሕልሙ ወደ ክፍሉ ይገባል። በሩ አጠገብ ጥቁር ሰው ይቆማል። ደረት ይከብዳል። ልጮህ ብትል ድምፅ የለም። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ጥፍት!

በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ሥራ አለ። ከመቶ ሰው ወደ 8 የሚጠጋው በሕይወቱ ቢያንስ አንዴ ይህ ያጋጥመዋል ይላል። ተማሪዎች ዘንድ ከመቶ 28 ይደርሳል። ለምን ተማሪ በዛ? እንቅልፍ ስለሚያጣ ነው። ሰዓቱ የተዛባ እንቅልፍና በጀርባ መተኛት ዱካክን ይጠሩታል። ካናዳ ውስጥ ኒውፋውንድላንድ የሚባል ደሴት ላይ ደረት ላይ የምትወጣ አሮጊት ናት ይላሉ። ጃፓኖች ካናሺባሪ ይሉታል። አንዱ የሌላውን ወሬ ሳይሰማ ሁሉም ስለዚያው ክብደት ይናገራል፤ ሰውነታችን አንድ ዓይነት ነዋ።

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ከገጠር መጥታ፣ ከተማ ውስጥ ትንሽ ክፍል ተከራይታ፣ ስንቋን ከቤቷ እያስመጣች የምትማር ጎበዝ ልጅ። የማትሪክ ፈተና ሊደርስ ሲል ጠፋች። ሌሊት ነጠላ የተከናነበ ሰው እግሯ ስር ይቆማል አሉ። ቤተሰቦቿ ሊወስዷት መጡ። ትምህርቱ ሊቀር ነው። አስጠራኋትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት፤ «ስንት ሰዓት ነው የምትተኚው?»

«ዘጠኝ ሰዓት።»

«የቀኑ ነው የሌሊቱ?»

«የሌሊቱ፣ ጋሼ። አሥራ ሁለት ሰዓት እነሣለሁ። እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ቡና እጠጣለሁ።»

በቃ። ሰውዬውን አላየሽም አላልኳትም። እንቅልፉ እንዴት እንደሚሠራ ሰሌዳ ላይ ሣልኩላት። ከአምስት ሰዓት በፊት ተኚ፣ በጎንሽ ተኚ፣ ከመጣ ደግሞ አትታገዪው፣ ቀስ ብለሽ ተንፍሺና የእግርሽን አውራ ጣት ብቻ ለማንቀሳቀስ ሞክሪ አልኳት። በሌላው ሳምንት መጣች። «ጋሼ፣ አንዴ መጣ። ግን ምን እንደሆነ ስለማውቅ ብዙም አልፈራሁት፤ ቶሎ ሄደ» አለችኝ። ፈተናዋን ተፈተነች።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። አየር።

ደሴ የጉም ከተማ ናት። ከባሕር ወለል ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ጦሳ ተራራና አዝዋ ገደል መሀል ተቀምጣለች። ጉም ውስጥ ያደገ ሰው ደግሞ ብዙ ነገር ያያል። የሲኖትራክ ሾፌሮች ሌሊት ሐረጎ ላይ መንገድ ዳር ስለምትቆመው ነጭ ለባሽ ሴት ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ከጅቡቲ ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር የመጣ ሰው ነው። ባውዛው ጉሙን ይመታል፣ ብርሃኑ ወደ ራሱ ይመለሳል፣ ፊቱ ነጭ ግድግዳ ይቆማል። እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ነጭ ግድግዳ ላይ ሰው ለመሥራት ጊዜ አይፈጅበትም። ሾፌሩን ውሸታም አልለውም። አቁምና ተኛ ነው የምለው።

የጦሳውን ልንገራችሁ። ተማሪዎች ይዤ ማለዳ ጦሳ ላይ ወጣን። ፀሐይ ከኋላችን ገና ብቅ ማለቷ ነው። ከፊታችን ከገደሉ ስር ጉም ግጥም ብሎ ተነሥቷል። አንዱ ልጅ ጮኸ። ጉሙ ላይ ግዙፍ ጥቁር ሰው ቆሟል። ራሱ ዙሪያ ክብ ክብ የቀስተ ደመና ቀለም አለው። ሁለቱ ልጆች ተንበረከኩ። አንዱ ቢስሚላህ አለ። እኔም ልቤ ደነገጠ፤ በመጽሐፍ ማወቅና ፊት ለፊት ማየት ይለያያል።

«እጃችሁን አንሡ» አልኳቸው። ግዙፉ ሰውዬም እጁን አነሣ። ጥላችን ነው። ፀሐይ ከኋላ ዝቅ ብላ፣ ጉም ከፊት ሲሆን የሰው ጥላ ጉሙ ላይ ያርፋል፤ ውፍረት ያለው ነገር ላይ ስለሚያርፍም ግዙፍ መስሎ ይታያል። ጀርመን አገር ብሮከን የሚባል 1,141 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ አለ። እዚያ ደጋግሞ ስለሚታይ የብሮከን ጥላ ይባላል። ዚልበርሽላግ የሚባል ሰው በ1780 እ.ኤ.አ. ጽፎታል።

የሚገርመው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልጆቹ ተጣሉ። «ብርሃኑ በእኔ ራስ ላይ ነው» ይላል አንዱ። «አይ በእኔ ነው፣ አንተ የለህም» ይላል ሌላው። ወላሂ እስከ መሐላ ደረሱ። ሁሉም እውነታቸውን ነበር! ያ ብርሃን ከጉሙ ጠብታ ወደ መጣበት ተመልሶ ወደ እያንዳንዱ ተመልካች ዓይን ስለሚገባ፣ እያንዳንዱ ሰው ብርሃኑን የሚያየው በራሱ ጥላ ራስ ዙሪያ ብቻ ነው። እኔ ብቻ ተመረጥኩ የሚል ስሜት እንዴት እንደሚወለድ እዚያ ተራራ ላይ በዓይኔ አየሁት። ያ ልጅ ብቻውን ቢሆን ኖሮ፣ አጠገቡ የሚከራከረው ጓደኛ ባይኖር ኖሮ፣ ምን ብሎ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር?

የከተማችን ታሪክ ራሱ ሰማይ ላይ ከታየ ነገር ጋር የተያያዘ ነው። በ1882 እ.ኤ.አ. ዐፄ ዮሐንስ እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው፣ መልካም ምልክት ነው ብለው ከተማ እንዲሆን አዘዙ ይባላል። የዚያን ዓመት ኮከብ ዓለም ያውቀዋል። በጠራራ ፀሐይ እንኳ የሚታይ ነበር። ዴቪድ ጊል የተባለ የሥነ ፈለክ ሰው ደቡብ አፍሪካ ኬፕ ላይ ሆኖ ፎቶ አንሥቶታል። የበረዶና የአቧራ ክምችት ነው፤ ወደ ፀሐይ ሲጠጋ ጅራት ያበጃል። ንጉሠ ነገሥቱ አልዋሹም። ኮከቡ ነበር። እኛም ይኸው አለን።

አሁን ግን ወደ ከሰሉ ልግባ። እናቶቼ፣ እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ።

አንድ የማውቀው ቤተሰብ ቤት ቀየረ። ጊዜው ታኅሣሥ ነው፤ የደሴን ታኅሣሥ ታውቁታላችሁ። ብዙም ሳይቆይ የቤቱ እመቤት መጣች። «ጋሼ፣ ይሄ ቤት ሰው አይወድም» አለችኝ። ሌሊት ኮቴ ትሰማለች። መጋረጃው ጋ ጥቁር ነገር ይቆማል። ልጆቹ እየቃዡ ይነሣሉ። ጠዋት ሁሉም ራሳቸውን ያማቸዋል፤ ትንሿ ታስመልሳለች። ትልቁ ልጅ ብቻ ደኅና ነው። እሱ ሱቅ ስለሚጠብቅ እዚያው ነው የሚያድረው። ባለ ውቃቢ ዘንድ ሄደው «ልጁን ስለሚወደው ነው የተወው» ተብለዋል። ጥቁር ዶሮ ታዟል። ገንዘብም ተከፍሏል።

ሄጄ ቤቱን አየሁት። አንድ ክፍል ነው፤ በመጋረጃ ተከፍሏል። ኮርኒሱ የማዳበሪያ ነው፣ ጥሩ አድርጎ ተወጥሯል። መስኮቷ ላይ ብርድ እንዳይገባ ፕላስቲክ ተመቷል። ከበሩ ስር አሮጌ ጋቢ ተጠቅጥቋል። አልጋው አጠገብ የከሰል ማንደጃው አለ፤ ጀበናው ገና ላዩ ላይ ነው። «ማታ ታወጡታላችሁ?» አልኳት። «ኧረ ለምን? ጭሱ ካለቀ በኋላ አመድ አልብሰን እናስገባዋለን እንጂ፤ ለልጆቹ ይሞቃል» አለች። «ከሰል ያላነደዳችሁበት ሌሊት አለ?» አልኳት። አሰበች። ከሰል ያለቀባቸው ዕለት አለ። ያን ዕለት መጥቶ ነበር ወይ? ዝም አለች። አልመጣም ነበር።

ወገኖቼ፣ ጭሱ ያለቀ ከሰል አደጋው አላለቀም። ፍም የሆነ ከሰል በደንብ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። አይታይም። አይሸትም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ እየተነፈስን አየር እናጣለን። መጀመሪያ ራስ ያማል። ያቅለሸልሻል። ከዚያ አእምሮ ይደናበራል፤ የሌለ ነገር ማየትና መስማት ሊመጣ ይችላል። መጠኑ ሲጨምር ሰው ይተኛል። አይነሣም።

ይህን እኔ የፈጠርኩት አይደለም። በ1921 እ.ኤ.አ. ዊልመር የሚባል አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም በሕክምና መጽሔት ላይ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ አወጣ። አሮጌ ቤት ገቡ። ኮቴ ሰሙ። ሰው የሚመስል ነገር አዩ። ልጆቹ ገረጡ። ቤት ውስጥ የነበረው ተክል ሳይቀር ደረቀ። በኋላ ሲጣራ ቤቱን የሚያሞቀው ምድጃ ተበላሽቶ ጋዙን ወደ ክፍሎቹ ይለቅ ነበር። ምድጃው ሲሠራ መንፈሱ ሄደ።

እዚያ አሜሪካ፣ እዚህ ደሴ። ያው ጋዝ፣ ያው ኮቴ።

እና ያቺ እናት ውሸታም ነበረች? አልነበረችም። ያየችው ነገር ልጆቿን ሊገድል ነበር። ጥቁሩ ዶሮ ቢታረድ ኖሮ፣ ያ ማንደጃ በዚያው ሌሊት እዚያው አልጋ አጠገብ ያድር ነበር። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሣኛል። ጠዋት ተጠርተን ሄደን «ተኝተው ቀሩ» የተባለበት ለቅሶ ላይ ያልተቀመጠ ሰው በዚህ ከተማ ጥቂት ነው። እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ ማንደጃ ይዛችሁ አትተኙ። ቤታችሁ ኮቴ ከተሰማ መጀመሪያ በሩንና መስኮቱን ክፈቱ፣ ፍሙን አውጡ፣ ልጆቹን ውጭ አውጡ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ከዚያ በኋላ ቄሱንም ሼሁንም ጥሩ። አልከለክልም። ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው የምለምነው።

ሦስተኛው። ዕዳውን የሚከፍለው ማነው?

አንድ ጥሩ ምሳሌ ከታሪካችን አለ። ሌባሻይ። ትልልቆቹ ሰምታችኋል። ዕቃ ሲሰረቅ አንድ ትንሽ ልጅ ይጠራል። የሚያፈዝ ነገር ይጠጣል። ወገቡ በመቀነት ይታሰራል፤ መቀነቱን ትልቅ ሰው ከኋላ ይይዛል። ልጁ እየተንገዳገደ ይሄድና የሚወድቅበት ቤት ባለቤቱ ሌባ ተብሎ ይያዛል። በሕግ ፊት ይሠራበት የነበረ ነገር ነው፤ ኋላ ተከለከለ። መንፈስ ነው የሚመራው ይባል ነበር።

ፋራዴይን ተማሪዎቼ ታውቁታላችሁ፤ የኤሌክትሪኩ። በ1853 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ሰዎች ጠረጴዛ ላይ እጃቸውን ጭነው ሙታን ጠረጴዛውን ያዞሩታል ይሉ ነበር። ፋራዴይ አልሳቀባቸውም። በእጃቸውና በጠረጴዛው መሀል በላላ ሙጫ የተያያዙ ካርቶኖች አስገባ። ጠረጴዛው ቢጎትታቸው የታችኛው ካርቶን ይቀድማል። እነሱ ቢገፉት የላይኛው ይቀድማል። የላይኛው ቀደመ። ሰዎቹ ሳያውቁት እየገፉ ነበር። ሰዎቹ ቅን ነበሩ፤ እጃቸው ግን የልባቸውን ጥርጣሬ ይከተል ነበር። አሁን ያንን መቀነት የያዘውን ሰው አስቡት። በሰፈሩ የተጠላው ማን እንደሆነ ያውቃል። ልጁ የማን ቤት ደጃፍ ላይ የሚወድቅ ይመስላችኋል? የባለሥልጣኑ ደጃፍ ላይ ነው?

ቡዳም ያው ነው። ቡዳ ተብሎ የሚጠረጠረው ማነው? ሸክላ የምትሠራዋ ናት። ብረት ቀጥቃጩ ነው። የምንቆፍርበትን ዶማ ሠርቶ የሰጠን ሰው፣ እንጀራችን የሚጋገርበትን ምጣድ የሠራችልን ሴት። ልጃቸውን አናገባም። ሕፃን ሲያዩ እንሸፍናለን። ማታ ጅብ ይሆናሉ እንላለን። ማን አየ? ማን አጣራ? ዘር ማንዘራቸው በወሬ ታስሮ ኖረ። ይህ እኔን እንደ ሰው ያሳፍረኛል።

የሚጥል በሽታ ደግሞ አለ። ሰኞ ገበያ ላይ አንድ ወጣት ወድቆ አየሁ። ዙሪያውን ሰው ከበበ። አረፋ ደፍቋል። አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ስር ያዘ። ሌላው «አትንኩት፣ ይተላለፋል» ይላል። ራሱ ከድንጋይ ጋር ይጋጫል፣ ደም ይወርዳል፣ ማንም አይነካውም። አንዲት እናት ብቻ ቀርበው ነጠላቸውን አጣጥፈው ከራሱ ስር አስገቡለት። ስለ አእምሮ በሽታ የተማሩት ነገር የለም። አዘኑለት፣ በቃ። ትክክለኛው እርዳታ ያ ነው። ድንጋይና እሳት ከአጠገቡ ማራቅ፣ ከራሱ ስር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ ወደ ጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ። አይተላለፍም። አይተላለፍም። ሦስተኛ ልድገመው? አይተላለፍም።

አንጎል ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ሥራ ለጊዜው ሲናወጥ የሚመጣ ነው። ቡታጅራ አካባቢ በተደረገ የቆየ ጥናት ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ ላይ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በትክክል ከታከሙ ከመቶ 70 የሚሆኑት መውደቁ ሊቆምላቸው እንደሚችል ይናገራል። ፌኖባርቢታል ርካሽ ኪኒን ነው። እኛ ግን ልጁን ጓዳ እንዘጋበታለን። ከትምህርት እናስቀረዋለን። ምድጃ ላይ ወድቆ ይቃጠላል።

«ጠበሉስ?» ትሉኛላችሁ። ጠጡ። ተጠመቁ። ዱዓም አስደርጉ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናግረዋል። ያ ቃል የስንት ሰው ነፍስ አትርፏል! ኪኒኑን ጥላችሁ አትሂዱ ነው የምለው፣ ሌላ አልልም።

አሁን ለወጣቶቹ። ከዩኒቨርሲቲ የመጣችሁ፣ ስትገቡ ጀምሮ ፈገግ እያላችሁ የነበራችሁ። የእናታችሁን ፍርሃት ስታፌዙበት እናንተም አላጣራችሁም። «ኋላ ቀርነት ነው» ብሎ መተው ምርመራ አይደለም። ያቺን የከሰሉን ቤት እናት ልጇ ቢስቅባት ኖሮ፣ ከባለ ውቃቢው የተሻለ ምን ሠራ? ጄምስ ራንዲ የተባለ አሜሪካዊ ከሰው የተለየ ኃይል በፈተና ላሳየ 1 ሚሊዮን ዶላር እሰጣለሁ ብሎ ነበር። ከሺህ በላይ ሰው አመለከተ። ሽልማቱ በ2015 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ ገንዘቡን የወሰደ አልነበረም። ይህን አስታውሱ። ነገር ግን እሱም እያንዳንዱን «እስቲ አሳየኝ» ብሎ ነው የሰማው። እስቲ አሳየኝ በሉ። ቁጭ ብላችሁ ስሙ። መቼ ነው? የት ነው? ማን አብሮህ ነበር? ስንት ሰዓት ተኝተህ ነበር? ቤቱ ውስጥ ምን ይነዳል?

ልጨርስ ነው፤ አንድ ነገር ቀርቶኛል። ከሦስቱ ውስጥ አልቆጠርኩትም ነበር፤ እዚህ ብዙ ጥቁር የለበሳችሁ እናቶች ሳይ ግን ልተወው አልቻልኩም።

ባሏ የሞተባት ሴት ማታ ሳሉን ትሰማለች። በር ላይ ጫማውን ሲያራግፍ ትሰማለች። ልጇ የሞተባት እናት «እማ» የሚል ድምፅ ሰምታ ከኩሽና ትወጣለች። ከጦርነቱ በኋላ እንዲህ ያለ ነገር የሚነግሩኝ ሰዎች በዝተዋል። ሹክ ብለው ነው የሚነግሩኝ፤ አብዳለች እንዳይባሉ ይፈራሉ። በ1971 እ.ኤ.አ. ሪስ የተባለ ዌልስ ውስጥ የሚሠራ ሐኪም ባል ወይም ሚስት የሞተባቸውን 293 ሰዎች አነጋገረ። ከመቶ 47 የሚጠጉት የሞተውን ሰው ማየት፣ መስማት ወይም አጠገብ እንዳለ መሰማት ደርሶባቸዋል። ግማሽ ያህሉ ማለት ነው! አብዛኞቹ ለማንም ተናግረው አያውቁም ነበር። ብዙዎቹ መጽናኛ ሆኖናል ብለዋል።

እናቶቼ፣ አላበዳችሁም። ስንት ዓመት አብሮ የኖረ አእምሮ ያንን ኮቴ መጠበቅ በአርባ ቀን አያቆምም። የሰማችሁት ነፍሱ ናት ወይስ ፍቅራችሁ? እኔ ያለኝን መልስ ተናግሬያለሁ፤ ሃይማኖታችሁም የራሱ መልስ አለው። እዚህ ላይ ግን ማንንም አልከራከርም። የማጣራው የሚጎዳ ነገር ሲኖር ነው። ያ ሳል ማንንም አልገደለም። ከማንም ቤት ልጅ አላስወጣም። ነገር ግን ድምፁ ተከተዪኝ ካለ፣ እንቅልፍና ምግብ ከከለከለ፣ ያን ጊዜ ለሐኪምም ለቤተሰብም ተናገሩ። ለብቻችሁ አትሸከሙት።

አዘጋጆቹን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። በሚቀጥለው መድረክ ላይ ስለሚጥል በሽታ የሚያስረዳን የነርቭ ሐኪም ጋብዙልን። ልጅ ያለባቸው ወላጆች ከጓዳ አውጥተው ይዘው ይምጡ፤ ከፊት ወንበር ይያዝላቸው። አሁን የጥያቄ ሰዓት ነው። ማይኩን መጀመሪያ ለእናቶች ስጡልኝ።